ከፎቶው ጥግ የቆመው ሰው

ያንን ፎቶ የማያውቅ የከተማችን ሰው ያለ አይመስለኝም። ትልቁ ሲኒማ ቤት መግቢያ ላይ፣ ከትኬት መቁረጫው መስኮት በላይ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ተሰቅሎ ኖሯል። ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ ታዋቂ ፊልም ሲቀረጽ የተነሳ ስለሆነ ወለሉ ላይ የተዘረጉት ሽቦዎችም፣ የካሜራው እግርም ይታያሉ። በስተቀኝ መሪ ተዋናይቷ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ዓይኖቿን ጨፍና ተቀምጣለች። ውበቷን ተዉት፤ ትኬት ሊቆርጥ የተሰለፈ ሰው እሷን ሲያይ ተራው ያልፈው ነበር። መሃል ላይ መሪ ተዋናዩ ግንባሩን ቋጥሮ ወደ ኋላው ዞሯል። በስተግራ ጥግ፣ ከትልቁ መብራት አጠገብ፣ አንድ ቀጭን ሠራተኛ ቆሟል። ፊቱ ጨለማ ውስጥ ነው። እጁን ግን ዘርግቶ፣ ጣቶቹን ከፍቶ፣ ወደ ተዋናዩ ራስ አንስቷል።

ፎቶውን ሁሉም ሰው የሚያነበው በአንድ መንገድ ነበር። ሠራተኛው ተዋናዩን ሊመታ እጁን አነሳ፤ ተዋናዩ ተቆጣ፤ ተዋናይቷ ደንግጣ ዓይኗን ጨፈነች። ሠራተኛው በዚያው ዕለት ተባረረ፤ ተዋናዩና ተዋናይቷ ደግሞ ዓመቱ ሳይዞር ተጋቡ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነበር የማውቀው።

ያቺ ተዋናይት ዛሬ ፀጉራቸው ነጥቷል፤ ባላቸው ሞተዋል፤ ሰው ሁሉ "እትዬ" ነው የሚላቸው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ዝናቸው አይደለም። የምወደው ሰው እናት ናቸው።

ሥራዬ ፎቶ ማጽዳት ነው። ከመነፅር ቤቱና ከሰዓት ሠሪው መሃል በተሰነቀረች ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሰው የአያቱን ፎቶ ውሃ በልቶት፣ አይጥ ቀምሶት ያመጣልኛል፤ እኔ ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ እድፉንና ጭረቱን አንድ በአንድ አጠፋለሁ። እጄ ጥሩ ነው ይላሉ። አፌ ግን ከእጄ ይፈጥናል።

እሱንም ያገኘሁት በዚሁ ሥራ ነው። መሐንዲስ ነው። የሞቱትን የአባቱን ፎቶ ይዞ መጣና ከጀርባዬ ቆሞ፣ "እህት፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንዳታጠፊያት። እሷ ከሌለች አባቴን አይመስልም" አለኝ። ስንቱ ደንበኛ አሳምሪልኝ፣ አቅይልኝ፣ አወፍሪልኝ ሲለኝ ኖሮ፣ እንዳለ ተይልኝ ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር። ዞር ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ቤታችን በየሳምንቱ ፎቶ የሚነሳ መሐንዲስ አገኘ። አንዴ ለመንጃ ፈቃድ፣ አንዴ ለፓስፖርት፣ አንዴ ደግሞ እንዲያው ለምንም። በመጨረሻ አሠሪዬ፣ "ይሄ ልጅ ስንት አገር ሊሄድ ነው?" አለ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሲኒማ ቤቱ ታድሶ ሊከፈት ነው። ሥራ አስኪያጁ የዚያን ፎቶ ነጋቲቭ ከመጋዘን አስፈልጎ አወጣና፣ "ግድግዳ የሚያክል አድርጋችሁ አትሙልኝ" ብሎ ላከልን። ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ ማጽዳት ጀመርኩ። እትዬ ፊት ላይ፣ ከቅንድባቸው እስከ ጉንጫቸው፣ የተጋደመ ጥቁር ጥቁር እድፍ አገኘሁ። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ በነበረው ፎቶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ነጋቲቩ መጋዘን ውስጥ ተበላሽቷል ብዬ አዘንኩና ጠራርጌ አጠፋሁት። ፊታቸው ጥርት ብሎ ወጣ። በሥራዬ ኮራሁ።

መሐንዲሴ የመጣው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። እንደ ሌላው ጊዜ አልሳቀም። ስለ እኛ ለእናቱ ከነገራቸው ወር አልፎታል፤ ምን አሉ ስለው "ትንሽ ጊዜ ትፈልጋለች" እያለ ሲያሳድረኝ ከርሟል። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ኮምፒውተሩን አየ።

"እማዬ ልካኝ ነው" አለ። ጣቱን ወደ ፎቶው ጥግ ቀሰረ። "ይሄ ሰውዬ ተቆርጦ ይውጣ ብላለች።"

"እሱ ደግሞ ምን አደረጋቸው? ፊቱ እንኳ አይታይም።"

"አባቴ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስታማርር ኖራለች። ደግሞ... ስሙን ጠይቃኝ ነበር።"

"የማንን ስም?"

"የአባትሽን።"

ክው አልኩ። አባቴን ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ አምፖል ነው የሚለው፤ አንድም የሰው መብራትና ምድጃ ሲጠግን ስለሚውል፣ አንድም መላጣው ስለሚያበራ። ድሮ ፊልም ላይ መብራት ይሠራ እንደነበር አውቃለሁ። ለምን ተውከው ስለው "አምፖሉ ተቃጠለ" ይለኛል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አይወጣውም። በሲኒማ ቤቱ በር አለማለፉንም አንዱ አመሉ ነው ብዬ ትቼው ነበር። አሁን ጥጉ ላይ የቆመውን ቀጭን ሰውዬ አየሁት። ግራ ትከሻው ዝቅ ብሏል። አባቴ ሥራ ላይ ሲሆን እንዲህ ነው የሚቆመው።

"አባቴ ነው?"

"አዎ።"

"አንተ መቼ አወቅክ?"

"ያኔውኑ። ስሙን ስነግራት የተባረረው ሰው ስም መሆኑን እማዬ ነገረችኝ።"

"ወር ሙሉ!"

"ስሚኝማ። እሱ ከተቆረጠ እማዬ ነገሩን ትረሳዋለች። ሰላም ፈልጌ ነው። ጥግ ላይ ያለ ሰው ነው፤ ቢቀር ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ!" አልኩት። ድምፄ መንገድ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። "አባቴን ከፎቶ ቆርጬ ጥዬ ነው ቤታችሁ የምገባው? ጠባሳዋን አታጥፊያት ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ያንተ አባት ጠባሳው ይከበራል፤ የኔ አባት ሙሉ ሰው ሆኖ ተቆርጦ ይጣላል?"

ፊቱ አመድ መሰለ። "እንደሱ አላሰብኩትም።"

"እንግዲያው አስበው። ፈሪ!"

ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ባገኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን የቀረ ሥራ እንዳለኝ ሁሉ አቀርቅሬ ቁልፎቹን መነካካት ያዝኩ። ሆዴ ተመለስ ይላል፤ ፊቴ ውጣ ይላል። የታየው ፊቴ ነበርና ሄደ።

እውነት ለመናገር፣ ከቁጣዬ ሥር ፍርሃት ነበር። አባቴ እውነትም ሊመታ ተነስቶ ቢሆንስ? እጁ የኮምፒውተሩን መስታወት እስኪሞላ ድረስ አሳደግሁት።

ሊመታ የተነሳ እጅ መዳፉ ወደሚመታው ሰው ነው። የአባቴ መዳፍ ግን የዞረው ወደ መብራቱ ነው፤ ከብርሃኑ ብዛት ወረቀት መስሎ ነጥቷል። ተዋናዩ ያየው የእጁን ጀርባ ነው። ታዲያ መብራት ፊት የተዘረጋ እጅ ጥላው የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት። የት ነው ያረፈው? ማስመሪያ አንስቼ ከመብራቱ ጀመርኩ፤ በመዳፉ አለፍኩ፤ በተዋናዩ ጆሮ አጠገብ አለፍኩ፤ የማስመሪያዬ ጫፍ እትዬ ዓይን ላይ ቆመ። እዚያ ምንም የለም። ጥርት ያለ፣ የሚያምር፣ እኔ ያጸዳሁት ፊት ነው።

ያጠፋሁትን ሁሉ መለስኩ። እድፉ ተመልሶ መጣ። አራት ጣት። የሁለቱን ዓይኖች ሽፋሽፍት በእኩል የሸፈነ፣ አራት ጣት።

በር ላይ የኖረውንም ፎቶ ያኔ ያተመው ሰው እንደኔው ጎበዝ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውብ ፊት ላይ ጥላ ምን ያደርጋል ብሎ አጸዳው። ጥላው ሲጠፋ እጁ ብቻውን አየር ላይ ቀረ፤ ትርጉም ያጣ እጅ ደግሞ ሰው የፈለገውን ትርጉም ይሰጠዋል። ስንት ዘመን ሙሉ አባቴን የወነጀለው የኛው ሙያ ነው።

ትንሽ ቅጂ አትሜ ይዤ ቤት ገባሁ። አባቴ የጎረቤት ምድጃ ገልብጦ፣ ሽቦ በጥርሱ ነክሶ ተቀምጧል።

"መሐንዲሱ ጠፋሳ?" አለኝ ቀና ሳይል። ሁለት ሦስት ጊዜ እቤት ሲመጣ፣ ደህና የነበረውን ማብሪያ ማጥፊያ ሲፈታና ሲገጥም አባቴ አይቶታል። "የቤታችን መብራት ሁሉ ዳነለት?"

ፎቶውን ከፊቱ አስቀመጥኩ። ሽቦውን ከአፉ አወጣ። ለረጅም ጊዜ አየው።

"አባዬ፣ ልትመታው ነበር?"

ሳቀ። "ያንን ግንድ የሚያክል ሰውዬ? እኔ? ጤና የለኝም እንዴ?"

"ታዲያ እጅህ?"

"መብራቱ ነዋ! የዚያን ጊዜው መብራት እንዳሁኑ እንዳይመስልሽ፤ እቶን ነው። ተዋናይ ቦታው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ካሜራው እስኪስተካከል ዓይኑ ይጠበሳል። አጥፍቶ ማብራት ደግሞ አይሆንም፤ አምፖሉ ይፈነዳል። ልጅቷ ዓይኗ ያለቅስ ነበር። የኔ ሥራ ብርሃኑ የት እንዳረፈ ማየት ነው፤ ብርሃኑ ደግሞ ያረፈው እሷ ላይ ነው። ሌላው ባያያት እኔ እንዴት አላያትም? እና እጄን ጣል አደርግላታለሁ፤ ቀረጻ ሲባል አወርደዋለሁ።"

"ሰውዬው ታዲያ ምን አስቆጣው?"

"ያን ቀን አላወረድኩትም። እንባዋ ገና አልደረቀም፤ ትንሽ ልታገሣት ስል ለካ እሱ የሚጀምረው በዕድሜው አንዴ የሚሠራትን ትወና ነው። ጥላዬ አበላሸበት። እውነቱን ነው የተቆጣው። ጉድ የሚያሰኝ ተዋናይ ነበር እኮ! አፉን ሳይከፍት ያስለቅስሻል። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እቆጣ ነበር።"

"ይሄን ለምን አልተናገርክም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

"እሳቸውስ? ማን እንደሆነ አያውቁም?"

"ብርሃን ዓይንሽ ውስጥ ሲገባ ከመብራቱ ጀርባ ያለ ሰው አይታይሽም። እኔ ሁልጊዜ አያት ነበር፤ እሷ እኔን አይታኝ አታውቅም።" ፎቶውን መለሰልኝ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔይቱ ትንሽ ሰነበተች እንጂ!" ብሎ ሽቦውን መልሶ ነከሰ።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አባቴን እወደው ነበር፤ ያን ዕለት ግን አደነቅሁት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እትዬ ራሳቸው መጡ። ግራጫ ካፖርት ለብሰዋል፤ ጥቁር መነፅር አድርገዋል፤ አንገታቸው ዛሬም ፎቶው ላይ እንዳለው ቀና ያለ ነው። አሠሪዬ ወንበር ሊያቀርብ ሲሮጥ ሻዩን ደፋ።

"ልጄ ዳግመኛ መልእክት አላደርስም ቢለኝ ነው የመጣሁት" አሉኝ። "ሰውዬው ከተቆረጠ እኔም ከቤትሽ ተቆርጬ እወጣለሁ አለኝ። እኔን! እናቱን!"

ፈሪ ያልኩት ሰው!

"ቆርጠሽዋል?"

"አልቆረጥኩትም እትዬ።"

"ኩራትሽ ለራስሽ አይበጅሽም።"

"ኩራት አይደለም። እባክዎ አንዴ ይዩት።" ኮምፒውተሩን ወደሳቸው አዞርኩት።

ጎንበስ አሉ። "ፊቴ ላይ ያለው ምንድነው? ለምን አላጸዳሽውም?"

"እድፍ አይደለም። የእጅ ጥላ ነው።" በጣቴ ከመብራቱ ወደ መዳፉ፣ ከመዳፉ ወደ ዓይናቸው ወሰድኳቸው። ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው። እኔ እንኳ ዝም ማለት የምችልበት ጊዜ አለ።

ጥቁር መነፅራቸውን አወለቁ። ዓይኖቻቸው ቀላ ብለዋል፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እንኳ ያስነባቸዋል።

"ደንግጣ ነው የጨፈነችው ይላሉ" አሉ ቀስ ብለው። "እኔም እንዲሁ እያልኩ ኖርኩ። ግን እዚህ ፊት ላይ ምን ድንጋጤ አለ?"

"የለም እትዬ። እያረፉ ነው።"

"ያቺን ጥላ አውቃታለሁ። ሁልጊዜ ትመጣልኝ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ፊት ለፊቴ ያለው እሱ ነው፣ ባሌ፤ ያኔ እንኳ ባሌ አልነበረም። እሱ ያዘዘልኝ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን፣ ለዓይኔ ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ አልኩት። ፈገግ አለ። ልቤን የሰጠሁት ለዚያች ፈገግታ ነው።"

መሐረብ አቀበልኳቸው።

"ጥሩ ባል ነበር" አሉ፣ የተከራከራቸው ሰው ያለ ይመስል። "እውነት ጥሩ ባል ነበር። ይቺን ግን ሳይነግረኝ ሄደ።"

መነፅራቸውን አድርገው ተነሱ። በሩ ጋ ቆም አሉ። "የመክፈቻው ዕለት አባትሽ ይመጣል?"

"በሲኒማ ቤቱ በር እንኳ አያልፍም እትዬ።"

"ጥሩ" አሉና ወጡ። ምን ዓይነት ጥሩ እንደሆነ ሳስብ ዋልኩ፤ ፎቶውን ግን ከነጥላው፣ ከነአባቴ፣ ግድግዳ የሚያክል አድርጌ አተምኩት። ቢያጋቡንም ባያጋቡንም፣ አባቴ እዚያ ግድግዳ ላይ ይቆማል አልኩ።

አባቴን አዳራሹ ያስገባሁት በውሸት ነው። "መብራታቸው አስቸግሯል፣ የሚያይላቸው ሰው ጠፍቷል" አልኩት። ለእኔ ሲባል የማይሻገረውን ደፍ ለተበላሸ መብራት ሲባል ተሻገረው፤ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ እያጉረመረመ።

አዳራሹ ሞልቷል። መሐንዲሴ ከወዲያ ማዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አየሁት፣ አየኝ፤ ሁለታችንም ዓይናችንን ሰበርን። ፎቶው ላይ የነበረው መጋረጃ ተነሳ። ሰው አጨበጨበ፤ ቀጥሎ መንሾካሾክ ተነሳ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ምንድነው ይባባላል። እትዬ ንግግር ሊያደርጉ ከፎቶው ሥር ቆሙ። ጥቁሩን መነፅር አላደረጉም። የቴሌቪዥን ሰዎቹ መብራታቸውን ፊታቸው ላይ ለቀቁት።

"ይህ ፎቶ..." ብለው ጀመሩ። እንባቸው ወረደ። የብርሃኑ እንባ ነው፤ እሳቸው ግን አልጠረጉትም። "ይህን ፎቶ ሁላችንም..."

አባቴ ፎቶውን አላየውም። እንደ ልማዱ መጀመሪያ ያየው ብርሃኑ የት እንዳረፈ ነው። "ኧረ ዓይኗን ፈጇት!" አለ ለራሱ። ቦርሳውን አስቀመጠና ወደ መብራቱ ተጠግቶ እጁን ዘረጋ።

ጥላው አረፈ።

እትዬ በቃል መሃል ቆሙ። አንገታቸው ቀና አለ፤ ዓይኖቻቸው ተከደኑ። ከላይ ግድግዳው ላይ ያ የሃያ ዓመት ፊት፣ ከሥሩ ይህ የተሸበሸበ ፊት፣ በሁለቱም ላይ አራት ጣት።

"ሰውዬ፣ እጅህን አውርድ! እየቀረጽን ነው!" ብሎ ካሜራማኑ ጮኸ።

"እንዳያወርድ!" አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ማንም እንዳይነካው። አንዴ አባረነዋል፤ ይበቃል።"

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና በብርሃኑ ውስጥ አልፈው፣ ከመብራቱ ጀርባ መጡ። የአባቴን ፊት እንደ ፊደል አንድ በአንድ አነበቡት።

"እርስዎ ኖት?"

አባቴ መላጣውን አከከ። "እኔ እንኳ መብራት ተበላሽቷል ተብዬ ነው የመጣሁት።"

እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። "የርስዎን ምስጋና ለሌላ ሰው ሰጥቼው ኖርኩ" አሉት። "ይቅር ይበሉኝ። ልጄ ልጅዎን ይወዳታል። በር ዘግቼ የቆምኩት እኔ ነኝ። አሁን ከፍቻለሁ፤ እርስዎም አይከልክሉን።"

አባቴ እንባው መጣ፤ እንባው ሲመጣ ሁልጊዜ ይቀልዳል። "እሷን ይጠይቋት እንጂ እመቤቴ። እኔ አፏን አልችለውም።"

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሰውን እየገፋሁ ወደዚያ ግድግዳ እየሄድኩ ነበር። እሱም ይመጣ ስለነበር መሃል ላይ ተገናኘን።

"ፈሪው መጣ" አለኝ።

ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ። ያ ከእጄ የሚፈጥን አፌ ከዳኝ። ካሜራማኖቹ መብራታቸውን ወደ እኛ አዞሩት፤ ዓይኔ ተጥበረበረ፤ ከብርሃኑ ይሁን ከደስታው ያልለየሁት እንባዬ ወረደ። እሱ ግራ ተጋባና እጁን አነሳልኝ። ጥላው አፍንጫዬ ላይ አረፈ።

"ትንሽ ከፍ አድርገው እንጂ፣ አንተ ልጅ!" አለ አባቴ ከኋላችን።

ከፍ አደረገው። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ደንግጬ ግን አይደለም።